አያ ጃርት ሲጠይቅ

እኛ ብሎክ ላይ ቅዳሜ ጠዋት እጅ ይታሰራል። ድሮ ቅዳሜ ልብስ ይታጠብ ነበር፤ ውሃ ቀኑን ጠብቆ ይመጣ በነበረበት ዘመን ማለቴ ነው። አሁን ቁርስ እንደተበላ ሻሽ ያለው ሻሹን፣ ነጠላ ያለው ነጠላውን፣ ምንም የሌለው ደግሞ የባጃጅ ገመድ ይዞ ኮሪደር ላይ ይወጣል። አንዱ ያንዱን ሁለት እጅ ወደ ኋላ አጣምሮ ከወገቡ ጋር ይጠፍራል። ጎረቤቴ ነውና ያዝንልኛል ብለህ እንዳትጠብቅ፤ አንተም ስታስረው አላዘንክለትም። ከዚያ አንድ እፍኝ ቆሎ ትጎርሳለህ። ማኘክ ክልክል ነው። እንደዚያ ሆነን፣ እጃችን ከኋላ፣ ጉንጫችን የተነፋ፣ ግቢ ወርደን ደንብ አስከባሪውን እንጠብቃለን።

ዘዴውን ያመጡት የእድራችን ዳኛ ጋሽ ናሆም ናቸው። ጋሽ ናሆም ዩኒቨርሲቲ ገብተው ነበር። መውጣታቸውን አላውቅም፤ መግባታቸውን ግን ብሎኩ በሙሉ ያውቃል፣ አስረስተውን አያውቁም። ጣት ከታሰረ አይጠቁምም፣ አፍ ከሞላ አይናገርም አሉን፤ አጨበጨብን። ለጥቂት ጊዜ ሠርቷል፣ ልዋሽባቸው አልፈልግም። የመጨረሻውን ሰው ማን ያስረዋል የሚለው ብቻ እድሩን ሲያጨቃጭቅ ከረመና ለዘምዘም ተሰጠ። ዘምዘም የፊት ለፊት ጎረቤቶቼ የኢምራንና የኢክራም ልጅ ናት። ሌላው ወጣት ፋብሪካው ውስጥ ነው የሚያድረው፤ ብሎኩ ላይ የቀረነው እኛ ጎልማሶቹና እሷ ነን። እሷ አያ ጃርትን አይታ ስላላደገች መታሰር አያስፈልጋትም።

አያ ጃርት የውጭ የልጆች የአሻንጉሊት ፊልም ነው። ከየት አገር እንደመጣ አናውቅም፤ ብቻ በረዶ ምድሩን የሚያለብስበት አገር ነው። አማርኛ ያደረጉልን ሰዎች ለኮምቦልቻ ልጅ ይሄን ማን ያስረዳዋል ብለው ይሁን ሌላ፣ ጨው ነው አሉን። ስለዚህ አያ ጃርት ከሰማይ ጨው በሚዘንብበት አገር የሚኖር ደግ ሽማግሌ ሆነ። እኔ እስከ ስድስተኛ ክፍል አፋሮች ሁሉ እሱን በአካል የሚያውቁት ይመስለኝ ነበር፤ ትምህርቴም ከዚያ ብዙ አልራቀም። ኬኩን አምባሻ አሉት። ጥንቸሉን በወሎ ዘዬ አናገሩት፤ አፉን በከፈተ ቁጥር ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። ዘፈኑ ደግሞ ዛሬም ከአፋችን አይጠፋም፤

አያ ጃርት መጣ ከዳገት ላይ ወርዶ፣
እሾሁን አጣጥፎ ከልጆች ተላምዶ።

የምናየው እነኢምራን ቤት ተሰብስበን ነው። መብራት ሲጠፋ ጄነሬተር ያለው የሱ አባት ብቻ ነበር፤ መብራት ደግሞ የሚጠፋው አያ ጃርት ሲጀምር ነው። በየክፍሉ መሃል አንድ ነገር ይሰበራል ወይም ይጠፋል። አያ ጃርት ከስክሪኑ ወደ እኛ ዞሮ፣ በዚያ በሚያባብል ሻካራ ድምፁ፣ “ልጆች፣ ማን ነው ያጠፋው?” ይላል። ከዚያ ይጠብቃል። እኛም ጣታችንን እንቀስራለን። ፊልሙ ውስጥ ያለውን ጥፋተኛ እንዳይመስልህ፤ ጎናችን የተቀመጠውን ልጅ ነው። ትንሽ ቆይቶ “ጎሽ፣ የኔ ልጆች አይዋሹም” ይላል። የተጠቆመው ይቆነጠጣል። ወላጆቻችን ነገሩን ይወዱት ነበር፤ የሳምንቱን ብርጭቆ ማን እንደሰበረው በዚያው ይደርሱበታል።

ኢምራን ካደግን በኋላ ዋናውን ፊልም ከየትም ፈልጎ አምጥቶ አሳየን። በዋናው ጃርቱ ምንም አይጠይቅም። ወደ እኛ ዞሮ ዝም ይላል፤ ወፍ ነው የሚያዳምጠው። ጥያቄውን የጨመሩት የኛዎቹ ናቸው፣ ዝምታው ረዝሞባቸው ይሆናል። ኢምራን ቅር ብሎት ይሄማ ሕይወት የለውም፣ የኛው ይሻላል አለ። ሁላችንም ተስማማን። እሱ ባጃጅ ሹፌር ነበር፤ ባጃጆቹ ራሳቸውን መንዳት ሲጀምሩ ቤት ዋለ። ቤት ከዋለ ጀምሮ ከአያ ጃርት በቀር ወሬ የለውም። ኢክራም ሁለተኛ ሚስት አመጣብኝ፣ እሾህ የለበሰች፣ ትል ነበር።

ደንብ አስከባሪዎቹ ማሽኖች ናቸው፤ መጀመሪያ የመጡት ግራጫ ሆነው ነው። ሕጉ ጥሩ ሕግ ነው ይባላል፤ ጎረቤቱ ያልጠቆመውን ሰው አይነኩም። የማኅበረሰብ ተሳትፎ ይሉታል። ለአንድ ጥፋት አንድ ሰው ከተጠቆመ ጉዳዩ ተዘጋ። ማንም ስለማይጠቁም ግን እንደተገተሩ ይውሉ ነበር። የፈላ ውሃ ደፋንባቸው፣ በድንጋይ ፊታቸውን አፈረስነው፤ አንዱ ቦርከና ወንዝ ውስጥ ተገኘ። ከዚያ ለትንሽ ጊዜ ጠፉና በአያ ጃርት ፊት፣ በአያ ጃርት ድምፅ፣ እሾህ ለብሰው ተመለሱ። ድምፁን የሰጠው ሰውዬ ከሞተ ቆይቷል፤ እነሱን ግን አላገዳቸውም።

ያን ቀን አለቀስን። ኢምራን አንዱን አቅፎ ሳመው፤ እሾሁ ያኔ ለስላሳ ነበር። ሠርግ ይጠራ ነበር፣ ልደት ይጠራ ነበር፣ መሃል ገብቶ በዘፈኑ ይወዛወዛል። ሰዉ ሁሉ ከጎኑ ቆሞ ፎቶ ከተነሳ በኋላ ነው ጥያቄውን የጀመረው።

ከምድር ቤት የሚኖረው ሱራፌል ፀጉር አስተካካይ ነበር። አንድ ጊዜ ያለ ተራው ቧንቧ የከፈተ ሰው ተፈልጎ ግቢ ተሰበሰብን። ጥያቄው ሲጠየቅ ከሁላችንም ቀድሞ የተነሳበት የሚስቱ የቅድስት ጣት ነው። እንደነገረችን፣ ጣቷን ያየችው ከተቀሰረ በኋላ ነው። ደስ ብሏት ነበር፤ እስከ ዛሬ የሚከብዳት እሱ ነው። እሾሁ ቆመ። አንዱ ሱራፌል ዓይን ውስጥ ገባ፣ ሌሎቹ የትከሻውን ጅማት በጣጠሱት። ዛሬም አብረው ይኖራሉ። እሷ እንጀራውን ቆርሳ ታጎርሰዋለች፣ እሱ ደግሞ አንድ ዓይን ቀርቶኛል፣ ብቻ እሱን እንዳታሳዪው እያለ ያስቃታል።

እጅ ማሰር የጀመርነው ከዚያ በኋላ ነው።

ባለፈው ሐሙስ ዘምዘም መናኸሪያው በር ላይ ሳምቡሳ እየጠበሰች ነበር። ከጎኗ አንዲት ሙዝ ሻጭ ሴትዮ አለች። ደንብ አስከባሪው መንገድ ላይ የሚነግድ ሊይዝ መጣና ሱቅ ያላቸውን ሰዎች፣ በኛ ዕድሜ ያሉትን፣ ማን ነው ያጠፋው አላቸው። የሁሉም ጣት ሙዝ ሻጯ ላይ አረፈ። እሾሁ ሆዷን አልፎ አስፋልቱን ነካ። ሴትዮዋ ሙዟ ላይ ተቀምጣ ለመሞት ጊዜ ወሰደባት፤ ጠቋሚዎቹ ወደ ሱቃቸው ተመለሱ። ዘምዘም የዘይቱን መጥበሻ ከእሳቱ አነሳችና ፊቱ ላይ ደፋችበት። ዓይኑ ቀለጠ፣ አፉ ቀለጠ፤ ልጆች፣ ልጆች እያለ ተዝለግልጎ ወደቀ። እሷ ሮጠች። ዓይኑ ስለጠፋ መልኳን አልያዘም። አንድ ሰው ወደኛ ግቢ ሮጦ መግባቱ ግን ታውቋል። ደንብ አስከባሪ ያጠፋ ሰው ቅጣቱ እሾሁ ነው፣ እስኪሞት።

ዓርብ ኢክራም ቤት ተቀምጠን ብዙ ተባለ። ልጅቷን ከከተማው እናውጣት ያለ ነበር፤ መንገዱ ሁሉ ተዘግቷል። ጋሽ ናሆም ቋጠሮውን እጥፍ እናድርገው አሉ።

ቅዳሜ ጠዋት ዘምዘም ብቻዋን ሁላችንንም አሰረች። እያንዳንዳችንን ቆሎ አጎረሰች፤ ሠርግ ላይ እንግዳ እንደምታስተናግድ ረጋ ብላ። ለኔ ስታጎርሰኝ እትዬ ሜላት፣ እንዲህ የሚያደርጋችሁ የጃርት አሻንጉሊት ነው? አለችኝ። አፌ ሞልቶ ስለነበር ተረፈች እንጂ መልስ ነበረኝ። አባቷን መጨረሻ ላይ አሰረችው፤ ቆሎውን ለኋላ አቆየችለት። ኢምራን እጁ መታሰሩ አልበቃውም፤ ዓይኔንም አላምነውም፣ ወደ ላይ ካየሁ አለቀልሽ ብሎ፣ አንገቱን በጋቢ አስጠቅልሎ ራሱ ላይ ብረት ድስት አስደፋ። ኢክራም ቆሎዋን ወደ ጉንጯ ገፍታ የሰርግ ድስቷ መሆኑን አስታወሰችው። ቆሎ በሞላው አፋችን ሳቅን፤ ከአንዳንዱ ተረጨ።

“አጥብቂው” አላት ከድስቱ ውስጥ።

“አባዬ፣ ደም ያቆማል እኮ።”

“ያቁም። አጥብቂው።”

አጠበቀችው፤ ድስቱን ከፍ አድርጋ ቆሎውን አጎረሰችው። ከዚያ ጣሪያ ላይ ወጥታ ባዶው የውሃ ሮቶ ውስጥ ገባችና ክዳኑን ከላይዋ ሳበችው።

ደንብ አስከባሪዎቹ ሦስት ሆነው መጡ። ሁለቱ በሩ ላይ ቀሩ፣ አንዱ መሃል ግቢ ቆመ። እንደ ልማዱ መጀመሪያ ዘፈኑን አሰማ። የቅድስት ዓይን እንባ ሲያቀርር አየሁ፤ የኔም ደረቅ አልነበረም፣ ያን ዘፈን ሰምቶ ልጅነቱ የማይመጣበት ሰው ካለ እኛ ብሎክ ላይ አይኖርም። ዘፈኑ አለቀና ዞር ዞር ብሎ እያንዳንዳችንን አየ።

“ልጆች፣ ማን ነው ያጠፋው?”

ከጀርባችን ጨርቅ ሲወጠር ተሰማ። የማን እጅ እንደሆነ ለማወቅ ያስቸግራል፤ የሁሉም ነበር። ጋሽ ናሆም የሁለቱንም እጃቸውን አንጓ አቆሰሉ። ቆሎው ረጠበ፣ አበጠ፣ ማንም ግን አልተናገረም። ማሽኑ ይጠብቃል። ደግሞ ጠየቀ፣ አሁን ዝግ ብሎ፣ አያት የልጅ ልጁን እንደሚያባብል።

ጋሽ ናሆም ያላሰቡበት ነገር ይሄ ነው፤ እኛ አገር ሰው አቅጣጫ ሲጠየቅ መች በጣቱ ያሳያል? እዚያ ጋ ይልና አገጩን ያነሳል። መጀመሪያ የተነሳው የሱራፌል አገጭ ነው፤ እሾሁ የበላው ሱራፌል። ከዚያ የቅድስት። ከዚያ የጋሽ ናሆም፣ የኔ፣ የሁላችንም። አገጫችንን ወደ ጣሪያው ቀስረን ቆምን፣ ዝናብ እንደሚጠብቅ ሰው። ኢክራም ብቻ ግንባሯን ትከሻዬ ላይ ደፍታ ነበር። ኢምራን ደግሞ ድስቱን እንደደፋ ነው።

“ጎሽ” አለ ማሽኑ። ቦታውን እንጂ ሰውየውን ገና አላወቀም። ደረጃውን መውጣት ጀመረ።

ያቺን ጎሽ ኢምራን በድስቱ ውስጥም ሰማት። ራሱን ሲወዘውዝ ድስቱ ሲሚንቶው ላይ ወድቆ ጮኸ። ዞር ብሎ አየን። አገጫችን ገና ወደ ላይ ነበር። እጁ እንደታሰረ ሮጠ። ባጃጅ ካቆመ ወዲህ ሲሮጥ አይተነው አናውቅም፣ ሆድም አውጥቶ ነበር። ማሽኑን ደረጃው ላይ ታክኮ አለፈው፤ ወደ ጣሪያ የሚያስወጣው የብረት መሰላል ሥር ሲደርስ ዞሮ ቆመ።

ከግቢ ሁሉም ይታያል፤ ኮሪደሩ ክፍት ነው። ማሽኑ ዞር እንዲል በትሕትና ለመነው። ኢምራን አልተንቀሳቀሰም። የመጀመሪያው እሾህ ጭኑ ውስጥ ገብቶ ወጣ፤ እርጥብ ልብስ ሲጨመቅ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ነው። ሁለተኛው ጎኑን አገኘው። በጉልበቱ ወደቀና በግንባሩ ግድግዳውን ተደግፎ ተነሳ። አንገቱ ላይ ያለው ጋቢ ቀልቶ ነበር። በጥርሱ የማሽኑን ጉሮሮ ነከሰ፤ ጨርቁን ቀደደው እንጂ ምንም አላደረገውም። ሦስተኛው ሲወረወር ኢምራን አልሸሸም። ወደ ፊት ሄደ። ደረቱን ሰጥቶ ራሱን እሾሁ ላይ ሰካ፣ ጭራሽ ገፋበት፣ ሥጋው ማሽኑን እስኪይዘው። እንደዚያ እንደተያያዙ እየገፋ እየገፋ እስከ ኮሪደሩ ብረት ወሰደው። ብረቱ ታጠፈ። አብረው ወደቁ።

ግቢው መሃል ነው ያረፉት። የማንም እጅ አልተፈታም። ኢክራም መሮጥ ፈልጋ ተደናቅፋ በፊቷ ተደፋች፣ ማንም ሊያነሳት አልቻለም። ጋሽ ናሆም ፍቱኝ ይላሉ፤ የሚፈታ እጅ ግን ግቢው ውስጥ የለም። ቆሎውን ተፋሁና ተንበርክኬ የኢክራምን ቋጠሮ በጥርሴ ያዝኩት። ልጅቷ አጥብቃ ነው ያሰረችው። ድዴ ደማ። ሲፈታ ኢክራም ወደ ባሏ አልሄደችም፤ መሄድ አልቻለችም። በሩ ላይ የነበሩት ሁለቱ ገብተው እሾሃቸውን አቁመው መሃል ቆመዋል።

የወደቀው ማሽን ወገቡ ተቆርጧል። አፉ ግን ደህና ነው። ሦስቱም ባንድ ድምፅ፣ “ልጆች፣ ማን ነው ያጠፋው?” አሉ።

ኢምራን አልሞተም ነበር። ደረቱ ላይ የተሰበሩ እሾሆች ቆመዋል፣ ሲተነፍስ አብረው ይነሳሉ። ሲወድቅ ገመዱ ተበጥሶ ቀኝ እጁ ወጥቷል። አመልካች ጣቱን ወደ ሰማይ አቀና፣ ከንፈሩ ሸሃዳውን ይላል። ሁለቱ ማሽኖች ጣቱን ተከትለው ቀና አሉ። ሰማዩን ለብዙ ጊዜ አዩት። አንድ ጭላት ይዞራል እንጂ ሌላ ምንም የለም። መልሰው ጠየቁ።

ያን ጊዜ የሮቶው ክዳን ሲከፈት ተሰማ። ዘምዘም መሰላሉን ወርዳ ደረጃው ላይ ናት፤ እየሮጠች፣ እየጮኸች። ቃሉ ገና አልጠራም፣ ምን ልትል እንደሆነ ግን ሁላችንም ገብቶናል።

ኢምራንም ሰማት። ፊቱን ወደ ሚስቱ አዞረ።

“ኢክራም” አላት፣ “አታስጠብቂው።”

ኢክራም እጇን አነሳች። ጣቷ ባሏ ላይ ቆመ።

“እሱ ነው” አለች።

ቅድስት አገጯን ወደ ኢምራን መለሰች። ሱራፌልም፣ ጋሽ ናሆምም፣ እኔም። አንድ አገጭ እንኳ ወደ ጣሪያው አልቀረም። ዘምዘም ሁለተኛ ፎቅ ደርሳለች፤ አሁን ድምፅዋ ጥርት ብሎ፣ እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ እያለ ይመጣል። ቅድስት ቆሎዋን ተፍታ ዘፈኑን ጀመረችው። አያ ጃርት መጣ። ገባንና ተቀበልናት። ጉሮሯችን እስኪበጠስ፣ በልጅነታችን እንኳ እንደዚያ አልዘፈንነውም። ሱራፌልና ጋሽ ናሆም እጃቸው እንደታሰረ ሮጠው የደረጃውን መውጫ በደረታቸው ዘጉት። ልጅቷ መጥታ ተላተመችባቸው። ትነክሳለች፣ ትቧጥጣለች፣ የሱራፌልን ደህና ዓይን ልታወጣ ነበር። አልለቀቋትም። የምትለውን ከኛ በቀር የሰማ የለም።

“ጎሽ” አለ ማሽኑ። “የኔ ልጆች አይዋሹም።”

ሁለቱ ኢምራን ላይ ጎንበስ አሉ። እኛ ዘፈኑን አላቆምንም። ሠርግ ቤት የለመዱት ነገር ነውና እሾሁ በዜማው ልክ ይወርድና ይነሳ ጀመር። ፈጠን ብለን ብንዘፍን ቶሎ ያልቅለታል ብዬ አፈጠንኩት፤ ሌሎቹም ተከተሉኝ። የኢምራን ከንፈር እስከ ተወሰነ ድረስ ይንቀሳቀስ ነበር። ሸሃዳው ይሁን ከኛ ጋር ይዘፍን፣ አላውቅም።

ሲጨርሱ የተቆረጠውን ጓደኛቸውን አንስተው ደህና ሁኑ ልጆች ብለው ወጡ። ጉዳዩ ተዘግቷል። ዘምዘም ደረጃው መውጫ ላይ ተቀምጣ፣ አፏ በሰው ደም እንደተበከለ፣ ተራ በተራ አየችን። ማንንም አልተሳደበችም። ጋሽ ናሆም ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ቆመዋል፤ ገና አልተፈቱም፣ አሁን ግን ፍቱኝ አይሉም።

ሌሎቻችን ቋጠሯችንን በጥርስ ተፈታታን። ኢክራም ግን እጇ እንደተቀሰረ ነበር። ክንዷን ይዤ ዝቅ ላደርግላት ሞከርኩ፤ አልወርድ አለኝ። ሬሳውን በጋቢ አድርገን አንስተን ወደ ቤት ስንወስደው፣ ጣቷ ሬሳውን እየተከተለ ዞረ።